ለእግር ዕረፍት የማይሰጥ ብስክሌት

በአገራችን «ፒስታ» ሲባል አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ማለት ነው። ቃሉን የወሰድንላቸው ኢጣልያውያን ግን የብስክሌት እሽቅድምድም የሚደረግበትን ክብ ሜዳና በዚያ ላይ የሚሮጠውን ብስክሌት ጭምር በዚሁ ስም ይጠሩታል። ፋውስቶ ኮፒ እ.ኤ.አ. በ1942 በሚላኖው የቪጎሬሊ ሜዳ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን የሰበረው በዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ነበር። ኤዲ መርክስም እ.ኤ.አ. በ1972 በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር የሄደው ኤርኔስቶ ኮልናጎ በሠራለት የፒስታ ብስክሌት ነው።

ከዚያ ዘመን የቀሩትን የብረት ብስክሌቶች ከዝገታቸው አውጥቶ ማደስ አባትና ልጅ አብረው ሊሠሩት የሚገባ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ቀላል መስሎ የሚያታልል በመሆኑ፣ መፍቻ ከማንሣት በፊት የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ብስክሌት ፍሬን የለውም፤ ፔዳሉም ከኋላው ጎማ ጋር በቀጥታ ስለ ተያያዘ፣ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ የነጂው እግር አያርፍም። በፊት 48፣ በኋላ 16 ጥርስ ቢኖረው፣ እግር አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 3 ጊዜ ይዞራል። ነጂው ፍጥነቱን የሚቀንሰውም ፔዳሉን ወደ ኋላ በመግታት ነው።

የኋላው ባለ ጥርስ ክብ፣ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት በጎማው እምብርት ላይ ወደ ቀኝ እየተጠመዘዘ ይገባል፤ በላዩ የሚታሰረው ቀለበት ግን የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲገታ ክቡ ሊፈታ ይቃጣል፤ ቀለበቱ ግን በተቃራኒው ስለሚጠመዘዝ ያን ጊዜ ይበልጥ ይጠብቃል። የነጂው ሕይወት የተንጠለጠለው እንግዲህ በዚህች ትንሽ ቀለበት ላይ ነው።

አዳሹ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም በዚሁ ላይ ነው። የእንግሊዝ ቀለበት 32.8፣ የኢጣልያው 33.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነታቸው በዓይን አይታይም። ሰፊው ቀለበት በጠባቡ ሞዞ ላይ ሲገባ የያዘ ይመስላል፤ ነጂው በኃይል በገታ ጊዜ ግን ይከዳዋል። የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ቤትም እንዲሁ ይለያያል፤ የኢጣልያው ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ሲጠብቅ፣ የእንግሊዙ 68 ሚሊ ሜትር ነው፤ በካቴናው በኩልም ወደ ግራ ይጠብቃል። ስለዚህ አልፈታ ያለ ነገር ሲገጥም፣ ጉልበት ከመጨመር አስቀድሞ ወዴት እንደሚፈታ መመርመር ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በግድ የገባ ዕቃ ስንት ዘመን የኖረውን ብረት በአንዲት ደቂቃ ያበላሸዋል።

ሥራው በተራ ይሁን። በመጀመሪያ ቧንቧዎቹ የሚጋጠሙበት ሁሉ ስንጥቅ እንዳለው ይታይ፤ ቀጥሎ ኩሽኔታዎቹ ታጥበው አዲስ ግራሶ ይቀቡ። የካቴናው 24 ቀለበቶች ሲለኩ 304.8 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባቸዋል፤ ከ306 በላይ ከሆኑ ካቴናው አርጅቷልና ይለወጥ። የዚህ ብስክሌት ጎማ ከቸርኬው ጋር የሚያያዘው በሙጫ በመሆኑ፣ ሙጫው የደረቀ እንደ ሆነ ተፍቆ እንደ ገና ይለጠፍ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ልጅዎ ብስክሌቱን መኪና በሚመላለስበት መንገድ ሊነዳው ቢፈልግ የፊት ፍሬን ግድ ነው። የጥንቱ ሹካ ግን ብዙውን ጊዜ ለፍሬን የሚሆን ቀዳዳ የለውም፤ ቢበሱት ቅርሱ ይጎዳል። የሚሻለው መንገድ የጥንቱን ሹካ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦ፣ ቁመቱና የአንገቱ ውፍረት የተስተካከለ፣ ፍሬን የሚይዝ ሌላ ሹካ መግጠም ነው። እንዲህ ሲሆን ቅርሱም ይጠበቃል፤ ልጁም በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል።