የጢያ ትክል ድንጋዮች

ጢያ በጉራጌ ምድር፣ በሶዶ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ያስጠራት በዳርቻዋ ሜዳ ላይ የቆመው የትክል ድንጋይ መካነ መቃብር ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ማለዳ ከጉለሌ ተነሥቶ ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያቋረጠና በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ የያዘ ሰው በዕለቱ ጎብኝቶ ይመለሳል።

እንጦጦን መውጣት ለለመደ እግር የጢያ መንገድ እንደ መንሸራሸር ነው። ከአስፋልቱ እስከ ቅጥሩ በር ያለው ርቀት አጭር፣ ምድሩም ሜዳ ስለሆነ ልጅም ሽማግሌም አይቸገርበትም። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ያስቸግራል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ በጎን ስትመጣ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው ምስል ጎላ ብሎ ይታያል።

በቅጥሩ ውስጥ 36 ሐውልቶች ተቆጥረዋል። ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ረጃጅሞቹ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ። ወድቀው የነበሩ በርካታዎቹ በኋላ ተነሥተው ቆመዋል። ከቅርጾቹ በብዛት የሚታየው ሰይፍ ነው፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ ሰይፎች ተደርድረው ይገኛሉ። ከሰይፉ ሌላ ክብ ምስልና ቅጠል ያወጣ ግንድ የሚመስል ምልክት አለ። የሰይፎቹ ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር ይነግራል የሚል ትርጓሜ በሰፊው ይሰማል፤ ቅጠል መሳዩ ምልክት ግን እስከ ዛሬ ፍቺ አልተገኘለትም።

የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ሲል ግራኝ ተብለው ከሚታወቁት ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር ያያይዛቸዋል። ቁፋሮው ያሳየው ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ አባ አዛይስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የደቡቡን ትክል ድንጋዮች ዞረው ካጠኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሮዤ ዡሶም የተመራ ቡድን በጢያ ሲቆፍር ከሐውልቶቹ ሥር መቃብሮች አገኘ። ሟቾቹ እግራቸውን አጥፈው፣ ተኰራምተው የተቀበሩ ሲሆኑ በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመቱ ወጣቶች ነበሩ። መቃብሮቹም ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ መሆናቸው ተገምቷል፤ ይህም ከኢማሙ ዘመን ቢያንስ 200 ዓመት ይቀድማል።

ታዲያ የጢያ ድንጋዮች «የቅድመ ታሪክ ሐውልት» የሚባሉት ለምንድን ነው? ቅድመ ታሪክ የሚለው ቃል የዕድሜ መለኪያ ሳይሆን ጽሑፍ አለመኖሩን የሚናገር ነው። የዛጔ ነገሥታት በላስታ አብያተ ክርስቲያናትን ከዐለት ሲያስፈለፍሉ በሰሜኑ በግዕዝ ይጻፍ ነበር። በዚያው ዘመን በሶዶ ሐውልት ያቆመው ሕዝብ ግን ስሙንም ሆነ የሙታኑን ስም በጽሑፍ አልተወም። ስለ እርሱ የሚናገረው ድንጋዩና አፈሩ ብቻ ነው።

በዕድሜም ቢሆን ቅድመ ታሪክን ማየት የሚሻ እዚያው መንገድ ላይ ያገኘዋል። ከጢያ በፊት መንገዱ አዋሽን በሚሻገርበት በመልካ ቁንጡሬ ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ቦታው በ1963 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ አርኪዮሎጂስቱ ዣን ሻቫዮንም ከ1965 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ቆፍረውበታል። ለመሣሪያዎቹ ከዋሉት ድንጋዮች አንዱ በአቅራቢያው የሚወጣው ጥቁር ባልጩት ነው። በስፍራው ትንሽ ሙዚየም ስላለ ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።

ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ተከትሎታል። በሶዶ ብቻ ከመቶ በላይ የትክል ድንጋይ ቦታዎች ሲኖሩ፣ ወደ ደቡብ ሲወረድ በጌዴኦ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ይገኛሉ። ጢያ ከሁሉም ለመዲናዋ ነዋሪ የምትቀርበው በር ናት።