ባይሰን ወሰን ሲሻገር

በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በበረዶ ሲሸፈን ባይሰኖች (የሰሜን አሜሪካ ጎሾች) ወደ ሰሜን ይወርዳሉ። መጀመሪያ ግዙፍ ጭንቅላታቸውን እንደ አካፋ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ በረዶውን ይዝቁና ከሥሩ ያለውን ሣር ይለቅማሉ። በረዶው ሲጠጥርና ያ አልሆን ሲል ወንዙን ተከትለው መሬቱ ዝቅ ወደሚልበት፣ ጋርዲነር የምትባለው የሞንታና ግዛት ከተማ ወዳለችበት አካባቢ ይመጣሉ። የፓርኩ ወሰን እዚያ ያበቃል። ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን ይህን ወሰን ሲሻገር ማንም አያስቆመውም። ባይሰን ሲሻገር ግን ስልክ ይደወላል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ በረት ይከፈታል።

የእኔ ሥራ በረቱ ላይ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ባይሰኖቹ አንድ በአንድ ወደ ጠባብ መተላለፊያ ይገባሉ። ውጭውን እንዳያዩ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ነው። ሰው ካዩ ይደነግጣሉ፤ ከደነገጡ ደግሞ ቀንዳቸውን ብረቱ ላይ ይሰብራሉ። ስለዚህ ሥራ ላይ እያለን አንነጋገርም፤ በእጅ ምልክት እንግባባለን። መያዣው ብረት ጎንና ጎኗን ሲይዛት አንዲት ላም 450 ኪሎ የሚያህል ሰውነቷን ወደፊት ትወረውራለች። ከዚያ ድንገት ትቆማለች። ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ ዕድሜዋን ከጥርሷ አነባለሁ፣ ደም እቀዳለሁ፣ ቁጥሯን አስመዘግባለሁ። ዐይኗ ከእኔ አይነቀልም። ትንፋሿ ጓንቴ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል።

በደሟ ውስጥ የምንፈልገው የብሩሴሎሲስን ምልክት ነው፤ ብዙ አርቢ የውርጃ በሽታ የሚለውን። እርጉዟ ታስወርዳለች፤ ሌሎቹ የወደቀውን ሽል ወይም የእንግዴ ልጁን ሲልሱ፣ በዚያ የተበከለውንም ሣር ሲግጡ ይይዛቸዋል። በጥሬ ወተት ወደ ሰውም ያልፋል። ከየሎውስቶን አዋቂ ሴት ባይሰኖች 60 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በምርመራ ፖዘቲቭ ናቸው። ይህ ማለት ግን ሁሉም በሽታውን ያስተላልፋሉ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ቀደም ብሎ ይዟቸው የዳኑ ናቸው። የደም ምርመራው የዳነችውን ከታመመችው አይለይም፤ ለሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣል። ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ፖዘቲቭ ተብላ የተመዘገበች ላም ቄራ ልትላክ ትችላለችና።

በሽታው ከጥንት ጀምሮ የባይሰን አልነበረም፤ ያመጣው የቤት ከብት ነው። በየሎውስቶን ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1917 (እ.ኤ.አ.፣ ቀጥሎ ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ) ነው። መንጋው ከመጥፋት የተረፈው ገና ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር። በ1902 በፓርኩ የቀሩት የዱር ባይሰኖች ሁለት ደርዘን አይሞሉም ነበር። ከቴክሳስና ከሞንታና የግል መንጋዎች 21 ባይሰኖች ተገዝተው መጡ፤ በላማር ሸለቆ ድርቆሽ እየቀረበላቸው ተዋለዱ፤ ኋላም ከዱሮቹ ጋር ተቀላቀሉ። በሺዎች የሚቆጠረው የዛሬው መንጋ የእነዚያ ዘር ነው።

እንደ እኔ ኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ የእንስሳት ሐኪም በሽታ ከቤት ከብት ወደ ዱር መግባቱን ሲሰማ ክፉ ቀንን ማሰቡ አይቀርም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የገበሬውን በሬ ብቻ ፈጅቶ አልቀረም። በመላው ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ጎሹንና ሌላውንም የዱር እንስሳ ጨረሰው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ2011 ሲታወጅ ለድሉ ያበቃው የቤት ከብቱን መከተብ ነበር። ዱሩን ከበሽታ የሚያድነው ከብቱን መጠበቅ እንደሆነ እኛ ከዚያ ተምረናል።

የሞንታና አርቢዎችን ስጋት አላቃልልም። በ2008 ግዛቷ ከብሩሴሎሲስ ነጻ የሚያሰኛትን ደረጃ አጥታ ነበር፤ ያኔ ከብቱን ወደ ሌላ ግዛት ለመሸጥ የሚፈልግ አርቢ የምርመራ ጣጣና ወጪ ተደርቦበታል። የዚያ ጥፋት ምንጭ ግን ኤልክ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ጥናትም ከ1998 ወዲህ በየሎውስቶን ዙሪያ ከዱር ወደ ከብት የተላለፈው በሽታ ሁሉ ከኤልክ የመጣ ነው። ኤልክ ይታደናል፣ የአደን ገቢ ያስገኛል፣ እንደ ዱር እንስሳም ይታያል። ባይሰን ግን ወሰኑን ባለፈ ቅጽበት በሽታ ተሸካሚ ከብት ይሆናል። ይህን ልዩነት በሳይንስ ላስረዳው ሞክሬ አልቻልኩም።

የባይሰኖቹ ቁጥር መቀነስ የለበትም አልልም። መንጋው በዓመት ከ10 እስከ 17 በመቶ ያድጋል፤ ተኩላም ጤነኛ አዋቂ ባይሰን የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው። ጥያቄው አቀናነሱ ላይ ነው። በረዶ በከበደበት የ2022-23 ክረምት፣ በአብዛኛው በአደን፣ ከ1,500 በላይ ባይሰኖች ከመንጋው ወጡ። አንድ መንጋ በአንድ ክረምት ሩብ ያህሉን ሲያጣ፣ ከሴቶቹም ብዙዎቹ እርጉዝ ሲሆኑ፣ ይህ የተመጠነ አስተዳደር ነው ለማለት ይከብደኛል።

ከበረታችን የሚወጣ የተሻለ መንገድ አለ። ከበሽታው ነጻ የሆኑት ለይቶ ማቆያ ይገባሉ፤ ደጋግመው ይመረመራሉ፤ ሴቶቹ ወልደው ንጹሕ መሆናቸው እስኪታይ ይጠበቃሉ። ከዚያ በምሥራቅ ሞንታና ወደሚገኘው ወደ ፎርት ፔክ፣ ወደ አሲኒቦይንና ሱ ሕዝቦች መሬት ይጫናሉ። እዚያ ቆይተው ለሌሎች ነባር ሕዝቦች ይከፋፈላሉ። ከ2019 ወዲህ ከ400 በላይ ባይሰኖች በዚህ መንገድ ከቄራ ተርፈዋል። የጭነት መኪናው በር ተከፍቶ ባይሰኖቹ ሜዳውን ሲረግጡ፣ አያቶቻቸው በእነዚህ እንስሳት ሥጋና ቆዳ የኖሩ ሰዎች ቆመው ይጠብቋቸዋል። ማቆያው ግን ጠባብ ነው፤ ቦታ ሲሞላ ጤነኞቹም ተራ አያገኙም። ስለዚህ ማቆያው ይስፋ እላለሁ።

ፓርኩ በ2024 ያጸደቀው አዲስ ዕቅድ የመንጋውን ቁጥር ከ3,500 እስከ 6,000 ያደርሰዋል፣ ወደ ነባር ሕዝቦች የሚላከውንም ያበዛል። ሞንታና ዕቅዱን በመቃወም ክስ መሥርታለች። ፍርድ ቤቱ ምንም ይወስን፣ ወሰኑ ላይ የሚጎድለው መሬት እንጂ መድኃኒት አይደለም። ለዚህም ማስረጃው እዚያው ሞንታና ውስጥ አለ። በ2015 የግዛቲቱ ገዥ ከፓርኩ በስተምዕራብ ባለው መሬት ባይሰኖች ዓመቱን ሙሉ እንዲቆዩ ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህም ከባይሰን ወደ ከብት የተላለፈ ብሩሴሎሲስ አልተመዘገበም።