ከልስን በፊት ወስኑ፦ የሙቅ ውሃ መመለሻ መስመር

ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ወይም ፕላን እያሠራችሁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አሁኑኑ አንብቡት። ልስንና ሴራሚክ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ምርጫ ግድግዳ መፈልፈል ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የለመድነው በየመታጠቢያ ቤቱ አንድ አንድ ቦይለር መስቀል ነው። ማሞቂያው ከሻወሩ አጠገብ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ቶሎ ይደርሳል። ለመላው ቤት አንድ ትልቅ ቦይለር ወይም ሶላር ስታስገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ማለዳ ላይ ሻወር የከፈተ ሰው ያንን ሁሉ አፍስሶ ነው ሙቁን የሚያገኘው።

ምን ያህል ይፈሳል? ወንድሜ የሚያሠራውን ጂ+1 ቤት ሳኒተሪ እኔ ስለሠራሁት በእሱ ላስረዳ። ቦይለሩ ምድር ላይ ነው፤ ማስተር መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ በሌላው ጫፍ። በቧንቧ መንገድ 17 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለሙቅ ውሃ የምንጠቀምበት ወፍራሙ ባለ 32 ሚሊሜትር ፒፒአር በአንድ ሜትር 0.35 ሊትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ 6 ሊትር ውሃ ቆሟል ማለት ነው። ቧንቧው ራሱም እስኪሞቅ ሙቀት ስለሚወስድ በተግባር የሚፈሰው 9 ሊትር ይጠጋል። ቤተሰቡ በቀን 6 ጊዜ የቀዘቀዘ መስመር ቢከፍት 54 ሊትር፣ በወር ከ1,600 ሊትር በላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ሮቶ ተኩል ንጹሕ ውሃ በየወሩ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ያሳዝነኛል።

መፍትሔው የመመለሻ መስመር ነው። ከመጨረሻው ሻወር አጠገብ አንድ ቀጭን ቧንቧ ተነሥቶ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል፤ ትንሽ ፓምፕ የቀዘቀዘውን ውሃ እየሳበ ሙቁን በቦታው ያመጣል። ውሃው አይፈስም፤ ተመልሶ ይሞቃል። ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩት።

1. መጀመሪያ መንገዱን አሳጥሩ። መታጠቢያ ቤቶቹን አንዱን በሌላው አናት ላይ፣ ወጥ ቤቱንም በእነሱ ጎን እንዲያደርግላችሁ አርክቴክቱን ጠይቁት። ቦይለሩ መሐላቸው ይሁን። ርቀቱ ከ5 ሜትር በታች ከሆነ መመለሻም ፓምፕም አያስፈልጋችሁም።

2. ካላጠረ አንድ ዙር ብቻ ሥሩ። ዋናው መስመር በሁሉም መታጠቢያ ቤቶች አጠገብ አልፎ ይመለስ። ዙሩ ወደ ሁለትና ሦስት ከተከፈለ ውሃው በቀላሉ በሚያልፍበት በኩል ብቻ ይሄድና ሩቁ ሻወር ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ማመጣጠኛ ቫልቭ መግጠም ግድ ነው። ለመመለሻው ባለ 20 ሚሊሜትር ቧንቧ ይበቃል።

3. የሄደውንም የሚመለሰውንም ቧንቧ አልብሱ። ጥቁሩ የስፖንጅ ኢንሱሌሽን ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበረውም ያስፈልጋል፤ ብሎኬትና ልስን ሙቀት ይመጥጣሉና። በደንብ የለበሰ መስመር በአንድ ሜትር 10 ዋት ገደማ ያባክናል፤ ያልለበሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ። ቦዩ ሲፈለፈል የኢንሱሌሽኑን ውፍረት አስቡ።

4. ትልቅ ፓምፕ አትግዙ። ብዙ ሰው «ፎቅ ድረስ የሚገፋ» ብሎ ጠንካራ ፓምፕ ይፈልጋል። ዙሩ ግን ዝግ ነው፤ የሚወርደው ውሃ የሚወጣውን ስለሚያመዛዝነው ፓምፑ የሚያሸንፈው የቧንቧውን ሰበቃ ብቻ ነው። ለወንድሜ ቤት በደቂቃ 3 ሊትር የሚያንቀሳቅስ ከ20 እስከ 30 ዋት የሆነ ፓምፕ በሦስት ደቂቃ ሙቁን ያደርሳል። አካሉ ነሐስ ወይም ስቴንለስ ስቲል ይሁን፤ ተራው ብረት በየጊዜው አዲስ ውሃ በሚገባበት መስመር ላይ ይዝጋል።

5. ፓምፑ ሃያ አራት ሰዓት አይሥራ። ሄዶ መመለሻው 34 ሜትር ነው፤ በ10 ዋት ሲሰላ 340 ዋት ያለማቋረጥ ይባክናል፣ በቀን ከ8 ኪሎዋት ሰዓት በላይ። በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ቢሠራ ብክነቱ ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል፤ በየመሐሉ ቧንቧ ውስጥ የሚቀዘቅዘው ውሃ ሙቀት ደግሞ መመለሻ ባይኖርም የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ታይመር፣ ከታይመርም የተሻለው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የሚጫን ቁልፍ ነው። መመለሻው ላይ ቴርሞስታት ግጠሙና ሙቁ ሲደርስ ፓምፑ ራሱ ይቁም። የፓምፑንና የቁልፉን ሽቦ ኤሌክትሪሻኑ ከልስን በፊት ይዘርጋ።

6. ቼክ ቫልቭ አይረሳ። መመለሻው ወደ ቦይለሩ የቀዝቃዛ መግቢያ በቲ ይገባል። ከፓምፑ በኋላ ቼክ ቫልቭ ከሌለ ሻወር በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛው ውሃ በመመለሻው በኩል ተገላቢጦሽ ሄዶ ሙቁን ያበላሸዋል። በፓምፑ ግራና ቀኝ መዝጊያ ቫልቭ፣ ከፍተኛው ቦታ ላይ አየር ማስወጫ ይኑር። ቦይለሩ ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የግድ ነው፤ ሲሞቅ የሚሰፋው ውሃ መውጫ ይፈልጋል።

ሶላር ያላችሁ በተለይ አስተውሉ። መመለሻውን ጣሪያ ላይ ወዳለው የሶላር ታንክ አትመልሱት፤ ቀን የሰበሰባችሁትን ሙቀት ሌሊት በቧንቧ ታባክኑታላችሁ፣ ከላይ ያለውንም ሙቅ ውሃ ከታች ካለው ቀዝቃዛ ጋር ታደባልቁታላችሁ። ሶላሩ የኤሌክትሪክ ቦይለሩን ይመግብ፤ ዙሩ ከቦይለሩ ይነሣ፣ ወደ ቦይለሩ ይመለስ። ሮቶው ባዶ ሲሆን ፓምፑ በአየር እንዳይዞርም መከላከያ ይኑረው።

ስለ ጤናም አንድ ነገር ልበል። ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ በተለይ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ይራባል። ስለዚህ የቦይለሩን ውሃ 60 ዲግሪ ላይ አኑሩት። ሆስፒታልና ሆቴል ዙሩን ቀኑን ሙሉ የሚያሠሩት የሚመለሰው ውሃ ከ50 ዲግሪ እንዳይወርድ ነው። በየቀኑ በሚታጠቡበት መኖሪያ ቤት በተወሰነ ሰዓት ብቻ ማሠራቱ ይበቃል፤ ከጉዞ ስትመለሱ ግን ሙቁን ውሃ በየቧንቧው ለተወሰኑ ደቂቃዎች ልቀቁት። 60 ዲግሪ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል፤ ልጆችና አረጋውያን ባሉበት ቤት የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው መቀላቀያ ግጠሙ።

ገንዘብ ካጠራችሁ ፓምፑን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። መመለሻ ቧንቧውን፣ ኢንሱሌሽኑንና ሽቦውን ግን አሁን አስቀብሩ፤ ጫፉንም በታፓ ዝጉት። ፓምፕ በማንኛውም ቀን ይገዛል፤ ቧንቧ ግን ከሴራሚክ በኋላ በቀላሉ አይገባም። የሳኒተሪ ድሮዊንጋችሁን ዛሬ አውጡና «የሙቅ ውሃ መመለሻ የት አለ?» ብላችሁ ባለሙያችሁን ጠይቁት። ቤት ለሚሠራ ወዳጃችሁም ላኩለት።