ከቦሌ ማርቆስ ስንት ነው?

ዘመድ ከውጭ ሊመጣ ሲነሣ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው ነገር አለ፦ «ከቦሌ ማርቆስ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

በቀጥታ መስመር ከተለካ ከቦሌ ደብረ ማርቆስ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን ወደ 300 ይጠጋል። መንገዱ በጫንጮ አድርጎ ወደ ሰሜን ይወጣና፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ፣ ደጀን ከደረሰ በኋላ ነው ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው። አውሮፕላን ይህ ሁሉ መጠማዘዝ አይመለከተውም።

ችግሩ የመንገደኛ አውሮፕላን ሳይኖር ነው። በ2009 ዓ.ም. እናቴን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ማምጣት ነበረብን። ጉልበቷ ያማታል፣ ደም ግፊትም አለባት። ውጭ ያለችው እህቴ «በባሕር ዳር በኩል በአውሮፕላን አምጧት» ብላ ገንዘብ ላከች። ተቀምጠን አሰብነው። ከማርቆስ ባሕር ዳር በመኪና 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በጎጃሙ አርበኛ በበላይ ዘለቀ ስም ከሚጠራው ማረፊያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ። በረራው አጭር ነው፤ ግን በመኪና ከምንሄደው የሚቀነሰው 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነ! በዚያ ላይ የአልጋ ወጪ አለ።

የሚያጓጓው ዓባይን ማምለጡ ነበር። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከደጋው ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ጠመዝማዛው ሆድ ያገላብጣል። በካርታ ላይ የጣት ስፋት የማትሞላ ቦታ የጉዞውን ድካም ግማሽ ትይዛለች።

የወሰነችው እናቴ ናት። «በረሃውን ፀሐይ ሳይወጣ ካለፍነው ሌላው ሜዳ ነው» አለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር። እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ሎሚዋን እያሸተተች፣ ምንም ሳትል ጎሐ ጽዮን ወጣች። ለምሳ አዲስ አበባ ነበርን።

ለማርቆስ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ መሥራት ከተጀመረ ወዲህ ጥያቄው እንደገና ይነሣል። የአገር ውስጥ በረራ ላይ የምናያቸው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበሩ፣ 190ውን በ20 ደቂቃ ይጨርሱታል ያሰኛል። መነሣቱ፣ ከፍታ መያዙና ለማረፍ መዞሩ ሲታከል ግን 40 ደቂቃ ብሎ መያዝ ይሻላል። ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማረፊያው መገኘት፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከቦሌ ቤት መድረስ ሲጨመርበት አራት ሰዓት ይሆናል። በመኪና፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ስድስት ሰዓት ነው።

ለእኔ ቢጤ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ነው። ለእናቴ ግን በረሃው ከነጭራሹ ይቀርላታል፤ እኔ ብሆን ገንዘቡን ለዚያ እከፍላለሁ። አረጋዊ ይዞ የሚበር ሰው ትኬቱን ሲቆርጥ ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚፈልግ ያሳውቅ። ክረምት ከሆነ ደግሞ የሐኪም ቀጠሮውን በበረራው ማግሥት ያድርገው፤ የጎጃም ደመና ሰዓት አያከብርም።