የመኪና ፍሬን ጩኸትና ንዝረት

የመኪና ፍሬን የእንቅስቃሴን ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ለውጦ ወደ አየር የሚበትን መሣሪያ ሲሆን፣ ዛሬ በአዳዲስ የቤት አውቶሞቢሎች የፊት ጎማዎች፣ በብዙዎቹም የኋላ ጎማዎች ላይ የሚገኘው ዲስክ ፍሬን የተባለው ዓይነት ነው። ዲስኩ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ክብ ዝርግ አካል ነው፤ ካሊፐር የሚባለው ክፍል ደግሞ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ አቅፎ፣ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ በፍሬን ዘይት ግፊት የሚገፋው ፒስተን ሁለት የፍሬን ሸራዎችን ከዲስኩ ገጾች ጋር እንዲያጣብቅ ያደርጋል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ድረስ 580 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፣ ድምፅ ሳያሰሙና ሳይንቀጠቀጡ ማስወገድ ለብረትም ለሸራም ከባድ ሥራ ነው።

ችግሩ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ዲስኩን የሚይዘው መዳብ ስለነበር፣ ብረት በብረት ላይ ሲሻሽ የሚያወጣው ጩኸት የሚቻል አልነበረም፤ ጩኸቱ የተቃለለው ኸርበርት ፍሩድ አስቤስቶስ የተባለውን ጭረታም ማዕድን ለሸራነት ካዋለው በኋላ ነው። የአስቤስቶስ ብናኝ ካንሰር የሚያስከትል መሆኑ ስለ ታወቀ ብዙ አገሮች ከልክለውታል። ያም ሆኖ ምንነቱ በማይታወቅ ሸራ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ የፍሬን ብናኝ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ጨርሶ መቅረት የሚገባው ልማድ ነው፤ ብናኙ በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ርሶ ሊታጠብ ይገባል።

ድምፅና ንዝረት ብዙ ጊዜ አብረው ቢነሡም ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ ሁለቱን ሳይለዩ መፍታት መጀመር ደህናውን ዕቃ አስጥሎ ብልሽቱን እዚያው ያቆያል። ሲጢጥ የሚለው ቀጭን ጩኸት የሚፈጠረው ሸራው ዲስኩን ለቅጽበት ይዞ ሲለቅ፣ መልሶም ይዞ ሲለቅ፣ ይህም በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሲደጋገም ነው፤ ሙጫ የታሸው የማሲንቆ ደጋን አውታሩን እየያዘና እየለቀቀ ድምፅ የሚያወጣው በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ ነው። አምራቾች ይህን ለመግታት ከሸራው ጀርባ የጎማ ንብር ያለው ስስ ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ፤ የሸራውን ጠርዝ ያሰልላሉ፤ ሸራው የሚቀመጥባቸውን ቦታዎችም በብረት ክሊፕ ያጠብቃሉ። ሸራ በሚቀየርበት ጊዜ እነዚህ ጥቃቅን ዕቃዎች እንደ ትርፍ ተቆጥረው ሲጣሉ፣ አዲሱ ሸራ ከአሮጌው ይልቅ መጮኹ የማይቀር ነው።

ሌላው ጩኸት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አዲስ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ተበልቶ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በጎኑ የተያዘች ትንሽ የብረት ምላስ ዲስኩን መንካት ትጀምርና የማያቋርጥ ቀጭን ድምፅ ታሰማለች። ይህ ማስጠንቀቂያ ታልፎ ድምፁ ወደ ሻካራ መፋጨት ከተለወጠ የሸራው ብረት ዲስኩን እየቦረቦረው ስለሆነ መኪናው ከዚያ በኋላ ሊነዳ አይገባም።

በሌላ በኩል አዲስ መኪና የገዛ ሰው የሚደነግጥባቸው፣ ነገር ግን ጉዳት የሌላቸው ድምፆች አሉ። ዝናብ ባደረበት ወይም መኪናው በታጠበ ማግስት በዲስኩ ላይ የሚታየው ቀይ ዝገት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የፍሬን አያያዞች ተፍቆ እስኪጠፋ ድረስ ይንኮሻኮሻል። መኪናው ተነሥቶ ገና ጥቂት ሜትር ሲሄድ የሚሰማው አጭር እምታ፣ ጎማ ሙሉ በሙሉ ተይዞ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ኤቢኤስ ራሱን የሚፈትሽበት ድምፅ ሲሆን፣ በጭቃ ወይም በኮረት ላይ ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ ከእግር ሥር የሚንቀጠቀጠውም ይኸው መሣሪያ በሥራ ላይ በመሆኑ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ የቆየ መኪና ደግሞ በዲስኩና ከጀርባው ባለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መካከል ትንሽ ድንጋይ ሊያስገባ ይችላል፤ የሚያሰማው ፍጭት የትልቅ ብልሽት ቢመስልም ቆርቆሮውን በጥንቃቄ ቀልበስ አድርጎ ጠጠሩን ማውጣት ይበቃል።

ንዝረት ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። በመጀመሪያ መጣራት ያለበት ንዝረቱ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ ፍሬን ሳይያዝ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ከጎማ ባላንስ ወይም ከቸርኬ መጣመም ይነሣል፤ መኪናው ሲታጠፍ የሚለዋወጥ ጉርምርምታ ደግሞ የኩሽኔታ መበላትን ያመለክታል። ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ችግሩ ከፊት፣ መሪው ጸጥ ብሎ ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ ከኋላ መሆኑ ይገመታል።

በብዙ ጋራዦች ለዚህ የሚሰጠው መልስ ዲስኩ በሙቀት ተጣሟል የሚል ነው። ነገር ግን ዲስኩ ሲለካ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንደ ሳህን መጉበጥ ሳይሆን የውፍረት ልዩነት ነው፤ ይኸውም ዲስኩ በዙሪያው አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ይሳሳል። የሳሳውና የወፈረው ቦታ በሸራዎቹ መካከል በተፈራረቁ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋል፤ ግፊቱም በዘይቱ በኩል ወደ ፔዳሉ ይደርሳል። ዙሪያው 2 ሜትር የሚያህል ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ምቱ ፈጣን ነው፤ የመቶኛ ሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት እጅ የሚሆን፣ ዓይን ፈጽሞ የማያየው ልዩነትም በእግርና በእጅ ላይ ሊታወቅ ይችላል።

የውፍረቱ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ዲስኩ የሚያርፍበትን ሞዞ መመልከት ያስፈልጋል። ሞዞ በኩሽኔታው ላይ የሚዞር፣ የጎማው ቡሎኖች የተተከሉበት ክፍል ነው። ዲስኩ ሲወልቅ ብዙ ጊዜ በቡሎኖቹ ሥር ቀለበት ሠርቶ የተጋገረ ዝገት ይገኛል፤ የሞዞው ስፋት 140 ሚሊ ሜትር፣ የዲስኩ 280 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በሞዞው አንድ ጠርዝ ላይ የቀረች የ0.05 ሚሊ ሜትር ቅርፊት በዲስኩ ጠርዝ 0.1 ሚሊ ሜትር የጎን መወዛወዝ ትፈጥራለች። እንዲህ ያለ ዲስክ በየዙሩ በአንድ ቦታ ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜም ሸራውን እየላሰ ስለሚያልፍ ያ ቦታ ቀስ በቀስ ይሳሳል። አዲስ ዲስክ የገባለት መኪና ከጋራዥ ጸጥ ብሎ ወጥቶ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሮች በኋላ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ባለቤቱ የዕቃውን ጥራት ቢወቅስም በአብዛኛው በደሉ ያልጸዳው ሞዞ ነው። የዲስኩን ገጽ በቶርኖ ማስተካከልም ሞዞው እስካልጸዳ ድረስ ዲስኩን ከማቅጠን በቀር የሚያመጣው ዘላቂ ለውጥ የለም፤ ከዚያም በላይ ብዙ ጊዜ በዲስኩ ጠርዝ ወይም እምብርት ላይ ተቀርጾ ከሚገኘው ዝቅተኛ ውፍረት የወረደ ዲስክ ለአገልግሎት አይበቃም።

ስለዚህ ጥንቁቅ መካኒክ ሞዞውን በብረት ብሩሽ አጽድቶ፣ ዲስኩን በጎማው ዳዶዎች አጥብቆ፣ ዳያል ጌጅ በተባለው ባለ መርፌ መለኪያ ጫፍ የዲስኩን ገጽ አስነክቶ አንድ ሙሉ ዙር ያዞረዋል። መርፌዋ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ብዙም ካልራቀች ደህና ነው፤ ከራቀች ዲስኩን በሞዞው ላይ አንድ ቡሎን ያህል አዙሮ ማሰርና እንደገና መለካት አንዳንድ ጊዜ ያለ ምንም ወጪ ያስተካክለዋል። ከዚያ በኋላ ጎሚስታው ዳዶዎቹን በአየር መፍቻ እንዳገኘ ቢያጠብቃቸው ግን ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ሊሆን ይችላል፤ ዳዶዎች በኮከብ ቅርጽ እየተፈራረቁ፣ በብዙ አውቶሞቢሎች 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ በሚሆነው የአምራቹ ልክ መታሰር አለባቸው።

ሁለተኛው የንዝረት ምንጭ ሙቀት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል፤ ለ1,500 ኪሎ ግራም መኪና የ1,000 ሜትሩ ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ፍጹም ከማቆም ጋር እኩል የሆነ ጉልበት አለው። በከባድ ማርሽ በሞተር ከመያዝ ይልቅ እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ የወረደ ነጂ፣ ታች ደርሶ ሲቆም ፔዳሉን ረግጦ ከቆየ፣ የጋለው ሸራ በዲስኩ ላይ ቅርጹን ያትማል፤ የታተመው ቦታ ሰበቃው ከሌላው ስለሚለይ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ይንቀጠቀጣል። የዲስኩ ሙቀት 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከደረሰ ደግሞ ብረቱ ራሱ በየቦታው ወደ ጠንካራ ዓይነት ይለወጣል፤ ይህን ቶርኖም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ሦስተኛው፣ ለጩኸትም ለንዝረትም መነሻ የሚሆነው፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች መድረቅ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ፒስተን ያለው ካሊፐር ሁለቱን ሸራዎች እኩል የሚያጣብቀው በእነዚህ ፒኖች ላይ በነፃነት ሲመላለስ ነው፤ ፒኖቹ ከደረቁ የውስጠኛው ሸራ ተበልቶ ሲያልቅ የውጭው ወፍራም ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው አውጥቶ ማጽዳትና ለጎማ ተስማሚ የሆነ የሲሊኮን ቅባት መቀባት ነው፤ ተራ ግራሶ የፒኑን ጎማ አሳብጦ ካሊፐሩን መልሶ ያስይዘዋል።

አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ መለማመጃ ያስፈልገዋል፤ ባዶ መንገድ ላይ በሰዓት ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በለዘብታ እየቀነሱ፣ በየመካከሉ እያቀዘቀዙ፣ ፍጹም ሳይቆሙ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም የሸራው ስስ ንብር በዲስኩ ላይ እኩል እንዲለብስ ያደርጋል። የእጅ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አዳዲስ መኪኖች ግን የኋላ ሸራቸው ከመነካቱ በፊት በመመርመሪያ ኮምፒውተር ወይም አምራቹ በሰጠው ዘዴ የጥገና ሁኔታ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ፒስተኑን በጉልበት መግፋት የሞተሩን ጥርሶች ይሰብራል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በመከልከሉ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነገሩን በተቃራኒው አምጥተውታል። በእነዚህ መኪኖች ፍጥነትን በብዛት የሚቀንሰው ሞተሩ ራሱ ጉልበቱን ወደ ባትሪ እየመለሰ ስለሆነ ዲስኩ ሥራ አጥቶ ይዝጋል፤ ፎልክስቫገን አይዲ 4 ከኋላ የተዘጋ ታምቡር ፍሬን የተደረገለትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት የሚጀምር መኪና ግን የሚመልስበት ቦታ ስለማይኖረው ሸክሙን ሁሉ በዚያ በዛገ ዲስክ ላይ ይጥላል። ሸራው ከዓመታት በኋላ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ መገኘቱ ባለቤቱን ሊያዘናጋው አይገባም፤ ፒኖቹ ሊደርቁና የሸራው ጠርዝ በመቀመጫው ላይ በዝገት ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ካሊፐሩ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ሸራዎቹ በጣት ሲገፉ የሚንቀሳቀሱ መሆናቸው መታየት አለበት።