«ዊል» እና «ብስክሌት»፦ የአንድ ቃል ልጆች

አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ «ዊል ባላንስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ብስክሌት ተደግፏል እንበል። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው ብላችሁ ታምናላችሁ?

«ብስክሌት» ወደ እኛ የመጣው ከጣልያንኛው «ቢቺክሌታ» ነው። «ቢ» በላቲን ሁለት ማለት ሲሆን፣ ቀሪው ከግሪኩ «ኪክሎስ» (ክብ፣ መንኮራኩር) የወጣ ነው። «ሞተር ሳይክል» ውስጥ ያለውም እሱ ነው። እሺ፣ «ኪክሎስ» ከ«ዊል» ጋር ምን አገናኘው? ድምፃቸው እንኳ አይመሳሰልም።

ድምፅ ግን ሲለወጥ ሥርዓት አለው። ያኮብ ግሪም (አዎ፣ የተረቶቹ ሰውዬ) እ.ኤ.አ. በ1822 እንዳሳየው፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ባሉበት ቤተሰብ ውስጥ የጥንቱ «ክ» ወደ «ህ» ተቀይሯል። የላቲኑ «ኮርኑ» (ቀንድ) በእንግሊዝኛ «ሆርን» ነው። «ኰ» ደግሞ «ኈ» ይሆናል፦ የላቲኑ «ኰድ» (ምን) በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኈት» ነበር፤ ዛሬ «ዋት»። ላቲኖች ይህን ድምፅ የሚጽፉት በሁለት ፊደል ነው፤ እኛ አንድ ይበቃናል!

«ዊል»ም ድሮ «ህዌኦል» ነበር። ሕጉን ወደኋላ ስታስኬዱትና ግሪኩን፣ የሳንስክሪቱንም «ቻክራ» (መንኮራኩር) ስታስተያዩ «*ኴኵሎስ» ላይ ትደርሳላችሁ። ኮከቧ «ተጽፎ አልተገኘም፣ በስሌት የተደረሰበት ነው» ማለት ናት። ለእኔ ለምህንድስና ሰው ነገሩ ከውጤቱ ተነስቶ ግብዓቱን እንደማግኘት ነው።

ቃሉ የተሠራው «መዞር» ከሚል ግንድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ድምፅ ተደግሟል። እኛም «ተሽከረከረ»፣ «መንኮራኩር» ስንል ድምፅ እንደግማለን። ይህ የአሠራር መመሳሰል እንጂ ዝምድና አይደለም።

ዋናው ጥያቄ ዘመኑ ነው። ፖላንድ ብሮኖቺሴ በተገኘ ማሰሮ ላይ የጋሪ ሥዕል አለ፤ ዕድሜው ወደ 5,500 ዓመት ይገመታል። ስሎቬንያ ውስጥ ከሉብሊያና ረግረግ የወጣው የእንጨት መንኮራኩር 5,150 ዓመት ገደማ ነው። ስሙ ከዕቃው ብዙ ሊቀድም ስለማይችል፣ የእንግሊዝኛ፣ የግሪክና የሳንስክሪት አያት ያኔ ገና እምብዛም አልተበታተነም ማለት ነው።

«እያንዳንዱ ቋንቋ ለብቻው ከ«መዞር» ሠርቶት ቢሆንስ?» የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ሦስቱም ያንኑ ድምፅ በዚያው መንገድ በአጋጣሚ ደገሙት ማለት ይከብደኛል። ደግሞ እዚያው ጋራዥ ውስጥ «አክስል» አለ፦ በላቲን «አክሲስ»፣ በሳንስክሪት «አክሻ»። ጎማውና የሚዞርበት ዘንግ ስማቸው አብሮ ነው የተወረሰው።