ድንበር የተሻገረ የመኪና አደጋና የካሣው ጥያቄ

በአዋበል ወረዳ የምትገኘው ሉማሜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ የመኪና አደጋ ወሬ ለነዋሪዎቿ እንግዳ አይደለም። አደጋው በአገር ውስጥ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ያነሣል፣ ቁስለኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይወሰዳል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የመኪናው ኢንሹራንስም ይጠየቃል፤ ሂደቱ ቢያደክምም የታወቀ ነው። ልጇ ሪያድ ውስጥ በመኪና ተገጭቶ የሞተባት እናት ወይም ጅቡቲ ውስጥ ሰው የገጨ የከባድ መኪና ሾፌር ቤተሰብ ግን ጉዳዩን ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው ሰው ስለማያገኝ፣ በሕግ የሚገባው ካሣ ሳይጠየቅ ጊዜው ያልፋል።

በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያገኘው መርህ በአደጋ ለደረሰ ጉዳት የሚሠራው ሕግ አደጋው የደረሰበት አገር ሕግ ነው የሚል ሲሆን፣ ከዚህም የተነሣ የካሣው መጠን፣ የጥፋተኝነት መመዘኛውና ይርጋው፣ ማለትም መብቱ ሳይጠየቅ ቢቆይ ቀሪ የሚሆንበት የጊዜ ገደብ፣ ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፣ መኪናውን ሌላ ሰው ሲነዳው ለደረሰ ጉዳት እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ቁጥር 2143 ደግሞ የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ይህን የአገር ቤት ሕግ የሚያውቅ ሰው ውጭ አገርም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ቢጠብቅ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ለኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ቅርብ የሆነው የውጭ አገር ጅቡቲ ነው፤ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በዚያ ወደብ በመሆኑ ከጋላፊ ወዲያ የሚሻገረው የጭነት መኪና ብዙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲገባው የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም ከመድን ገቢውና ከመድን ሰጪው ውጭ ያለ ተጎጂ የሚካስበት ዋስትና፣ በራሱ ድንበር አይሻገርም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ላይ በፈረሙት ፕሮቶኮል የቢጫ ካርድ ሥርዓትን አቋቁመዋል፤ ካርዱ ዛሬ የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ በመባል የሚታወቅ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያና ከጅቡቲ ሌላ በኬንያ፣ በሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳ፣ በታንዛኒያ፣ በዛምቢያና በሌሎችም አገሮች ይሠራል። በኢትዮጵያ የሥርዓቱ ብሔራዊ ቢሮ ሆኖ የሚያገለግለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ነው።

የካርዱ አሠራር ሲታይ፣ ኢትዮጵያዊው ሾፌር ጅቡቲ ውስጥ ሰው ቢገጭ ተጎጂው ካሣውን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ሳያስፈልገው የጅቡቲው ብሔራዊ ቢሮ ጉዳዩን በጅቡቲ ሕግ መሠረት አይቶ ይከፍላል፤ የከፈለውንም ካርዱን ከሰጠው ወገን ያስመልሳል። ካርዱ የሾፌሩንና የተሳፋሪዎቹን የሕክምና ወጪም ይመለከታል፤ ነገር ግን የራስን መኪና ጥገናና የጭነቱን ዋጋ አይሸፍንም፤ ይህም ብዙ ባለንብረት ከአደጋው በኋላ ብቻ የሚረዳው እውነት ነው። ሾፌሩ በበኩሉ አደጋውን ለጅቡቲ ፖሊስና ለጅቡቲው ብሔራዊ ቢሮ ወዲያው ማስታወቅ፣ የካርዱን ቁጥር መስጠት፣ የቦታውን፣ የታርጋውንና የጎማውን ፍሬን ምልክት ፎቶ ማንሣት ይኖርበታል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ መፈረም ወይም ከተጎጂው ጋር በእጅ ከፍሎ መጨረስ ግን የመድን ኩባንያውን ሳያማክር ሊያደርገው የማይገባ ነገር ነው። በጅቡቲ የሚዘጋጀው የፖሊስ መዝገብ በፈረንሳይኛ ወይም በዓረብኛ ስለሚሆን፣ ያላነበቡት ገጽ ላይ መፈረም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄዱት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በሳዑዲ ዓረቢያ በመኪና አደጋ ለሞተ ሰው ቤተሰብ የሚከፈለው ዲያ የተባለ የደም ካሣ ሲሆን፣ ባለማወቅ ለተፈጸመ ግድያ እ.ኤ.አ. በ2011 መጠኑ 300,000 ሪያል እንዲሆን ተወስኗል፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 200,000 ድርሃም ነው። ገጪው መድን ካለው ከፋዩ የመድን ኩባንያው ነው። በጎጃም ገበሬ ዘንድ የደም ካሣና ዕርቅ ከጥንት የታወቀ በመሆኑ ሐሳቡ ለሉማሜ ሽማግሌ እንግዳ አይሆንም፤ ሥጋቱ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ሐዘን የተቀመጠ ቤተሰብ የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ ገጪውን ይቅር ማለቱ የሚያስመሰግን ነገር ሲሆን፣ የዓረብ አገር ሕግ ግን ወራሾች ዲያውን የመተው መብት እንዳላቸው ስለሚቀበል፣ ተናዙል በሚባለው የመብት መተዊያ ወረቀት ላይ ይዘቱን ሳያውቁ መፈረም ለአሳዳጊ አልባ ሕፃናት የሚገባውን ገንዘብ ሊያስቀር ይችላል። ይቅርታውና ካሣው ተለይተው መታየት አለባቸው። በሕጋዊ መንገድ ለሄደ ሠራተኛ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመድን ሽፋን ወጪን በአሠሪው ላይ የጣለ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ከዲያው በተጨማሪ የላከውን ኤጀንሲ ስለዚህ መድን መጠየቅ ይገባዋል።

አሜሪካ ያሉት የሚገጥማቸው ችግር ሌላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚሠራበት ደንብ ተጎጂው ለአደጋው በጥቂቱም ቢሆን አስተዋጽኦ ካደረገ ካሣውን ሙሉ በሙሉ የሚያሳጣ ነው፤ በኢትዮጵያ ሕግ ግን እንዲህ ያለው ጥፋት ካሣውን የሚቀንስ እንጂ የሚያጠፋ አይደለም። ስለዚህ የሌላው ወገን መድን ኩባንያ ደውሎ ቃል ልቅዳ ሲል በትሕትና ‹‹እኔም ትንሽ ቸኩዬ ነበር›› ማለት ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል። የአካል ጉዳት ክስ ይርጋው በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ በሜሪላንድ ሦስት ዓመት ነው። በአንጻሩ ከአሜሪካ ለበዓል መጥቶ በኪራይ መኪና ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው፣ የተለመደው የአሜሪካ የመኪና መድን ከዚያ አገርና ከካናዳ ውጭ እንደማይሠራ ማወቅ ይኖርበታል። የኢትዮጵያው የሦስተኛ ወገን መድንም ጣሪያ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40,000 ብር ነበር፤ ጣሪያው ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ በአደጋው ቀን የጸናውን ከመድን ኩባንያው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ከባለንብረቱ በፍርድ ቤት ይጠየቃል።

ይሁንና የካሣ ጥያቄ ይበልጥ የሚሰናከለው በሕጎቹ ልዩነት ሳይሆን ሉማሜ ላይ መዘጋጀት ባለበት ወረቀት ነው። ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከቀበሌ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ ውጭ ላለው ጠበቃ ወይም ዘመድ ደግሞ የውክልና ሰነድ ማውጣት አለባቸው፤ ሰነዶቹም ተተርጉመው፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በተቀባዩ አገር ኤምባሲ ተረጋግጠው ይላካሉ። ችግሩ የሚፈጠረው ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ስም፣ የአባት ስምና የልደት ቀን ከቀበሌው መታወቂያ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ ፀሐይ የምትባል ሴት ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ የልደት ቀንም ሳይለወጥ ከተገለበጠ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል። ለአንድ ዳኛ ወይም የመድን ሠራተኛ ይህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ማለት ነው። ቆስሎ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰውም የአካል ጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ እዚህ ማውጣት ቢችልም፣ መጀመሪያ የታከመበት የውጭ ሆስፒታል መዝገብና የፖሊስ ሪፖርት ከሌለው ጉዳቱን ከአደጋው ጋር ማገናኘት ይቸገራል።

ስለሆነም ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከመነሻው ቀን በፊት የፓስፖርቱን፣ የሥራ ውሉንና የመድን ወረቀቱን ቅጂ ቤት ያስቀምጥ፤ የስም ልዩነት ካለ ሰው ሳይጎዳ በፍርድ ቤት ያስተካክል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የሕግ ትምህርት ቤት ያለው በመሆኑ፣ መምህራኑና ተማሪዎቹ ይህን ዓይነት ሰነድ ለገጠሩ ቤተሰብ በነጻ ማዘጋጀትን ቋሚ ሥራቸው ቢያደርጉት፣ በይርጋ የሚጠፋውን የብዙ ሰው መብት ማዳን ይችላሉ።